ደንገሉ ይችለዋል

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር መርሻ። ፊታቸው የተቀመጠችው የሺመቤት ናት። «የኔታ፣ ወንድሜ ሚስቱን ይደበድባል። እኔ ቁስሏን አጥባለሁ፤ ለጎረቤት ‹ወድቃ ነው› እላለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ገበሬው የሚኖረው ኩሬ ዳር ነው። ከኩሬው በላይ አንድ ሀብታም የቆዳ ፋብሪካ አቆመና ፍሳሹን በቱቦ ወደ ውሃው ለቀቀው። ውሃው ከረፋ፤ ላሞች ጨነገፉ። መንደሩ ሲጮህበት ጊዜ ሀብታሙ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ።

ገበሬው ግን ጉድጓዱ እስኪያልቅ አላስቻለውም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል በሥሩ ቆሻሻ እንደሚስብ ሰምቶ ነበር። ቀርከሃ አጋድሞ አሰረ፤ ደንገል ተከለበትና ኩሬው ላይ አንሳፈፈው። መርዝ የጠገበውን ደንገል እያጨደ ርቆ ይቀብራል፤ በምትኩ አዲስ ይተክላል። እጁ ቆሳሰለ። ውሃው ግን ጠራ፤ ምራቱም እንስራዋን አዝላ ወደ ኩሬው ተመለሰች።

ሀብታሙ ወርዶ አየ።

«እጅህ ይባረክ» አለው። «እንዲህ ከሆነማ ጉድጓዱ ምን ያደርጋል? ደንገሉ ይችለዋል።»

«የለም ጌታዬ፣ ጉድጓዱስ ይቆፈር» የሚለው ቃል ገበሬው አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው አመስግኖት አያውቅም። ደስ አለው፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ቁፋሮው ቆመ። ሁለተኛ ቱቦ ተለቀቀ። ገበሬው ቢያጭድ ቢያጭድ አልደረሰበትም። ደንገሉ ቢጫ ሆነ፤ በስብሶ ሰመጠ፤ የጠጣውን መርዝ ሁሉ ለውሃው መለሰለት። ላይ ላዩን ሲያዩት ውሃው ገና ጥሩ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ምራቱ ቀድታ ጠጣች፤ ከነፅንሷ ሞተች።

ሐዘንተኞቹ ሀብታሙ ደጅ ሄዱ። «ውሃውን የሚያጠራው ገበሬው ነው፤ እሱን ጠይቁት» አላቸው። ተመልሰው ገበሬውን ከበቡት። የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረበት የገዛ ልጁ ነው።

መምህሩ ወደ የሺመቤት ዞሩ።

«ልጄ፣ ቁስሏን ማጠብሽ ደንገሉን መትከል ነው። ደግ ሥራ ነው፤ አትተዪው። ‹ወድቃ ነው› ማለትሽ ግን የገበሬው ዝምታ ነው። ወንድምሽ አንቺ እንደምትሸፍኚለት አውቆ ይመታታል። ሂጂ፣ ለሽማግሌም ለዳኛም ‹ወንድሜ መታት› ብለሽ ተናገሪ። ዝም ካልሽ ግን አንድ ቀን የምታጥቢው ሬሳዋን ነው።»