የጥሩምባ ነፊው ቀብር

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ከባድ ነገር እያሽሞነሞነ ነግሮህ፣ ስትስቅበት ቢቀየምህ፣ ጎረቤት ጣልቃ ገብቶ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። የዛሬ ልጆች ከቅድመ አያት የመጣች ይመስላቸዋል። ምን ቅድመ አያት! በእኔው ዕድሜ ነው የተወለደችው፤ ያን ዕለት ልብስ ሳጥብ ነበር።

ሰፈራችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ናት። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ተካልኝ ይባሉ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ፣ የሰፈሩን ሞት ሁሉ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፉና በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ ከፍም ዝቅም ሳይሉ፣ “እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ” ብለው ያልፋሉ። ሌላ ቃል የለም። እኛም የያዝነውን ጥለን ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንወጣለን።

ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ለጎረቤታቸው ልጅ ለሱራፌል አስረከቡ። ሱራፌል ደግ ልጅ ነው፤ ውሃ የሚቀዳላቸው፣ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው እሱ ነበር። አነጋገሩ ግን እንደ እኩዮቹ ነው። የዛሬ ልጆችን ታውቋቸው የለ፤ የቃሉን ጫፍ እንደ ማስቲካ ይስቡታል፣ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ እንደ ጥያቄ ሽቅብ ሰቅለው ይተዉታል። እሱ ደግሞ ኤፍ ኤም ላይ የመቅረብ ሕልም ስለነበረው በዚያ ላይ ፈገግታ ጨመረበት። “ደህና ዋልክ” ሲልህ ሽልማት የደረሰህ ይመስልሃል።

ጋሽ ተካልኝ ይህ ያሳስባቸው ነበር። አንድ ቀን በእኔ ፊት፣ “ልጄ፣ ሰው ከሩቅ ቃሉን አይሰማም፤ ዜማውን ነው የሚሰማው” አሉት።

“ጋሼ፣ ጊዜው ተቀይሯል። አሁን ሰው ጆሮ የሚሰጠው ደስ ለሚል ድምፅ ነው።”

“እንግዲህ የሁሉን ስጠራ ኖሬ የእኔን የሚሰማ እንዳይጠፋ” አሉና ሳቁ። ሱራፌልም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ ጋሽ ተካልኝ አረፉ። የሱራፌል የመጀመሪያ ጥሪ የእሳቸው ሆነ፤ ቀብሩም ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ልጁ አልቅሶ ሲያበቃ ለጋሼ ያለውን ችሎታ ሁሉ ሊያወጣ ቆረጠ። ያን አሮጌ ጥሩምባ ጋሽ ተካልኝ ቤት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ትቶ ድምፅ ማጉያ ተዋሰና በየመንገዱ ወጣ።

“ሰላም ሰላም፣ ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እንዴት አረፈዳችሁ…”

እኔ ጓሮ ሆኜ ስሰማ የፍራሽ ማስታወቂያ መሰለኝ። ደግሞ ምን ሊሸጡልን ነው ብዬ ቧንቧውን ለቀቅሁት። ከውሃው ጋር ስማቸውም፣ ሰዓቱም ፈሰሰ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጎረቤቴ መስኮቷን ዘግታለች፣ ባለሱቁም ሬዲዮኑ መስሎት ዝም በል ብሎታል።

ሰባት ሰዓት ላይ ሳሙና አልቆብኝ ብወጣ ከጋሽ ተካልኝ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ክው አልኩ። ገባሁ። ከሦስት መቶ የእድር አባል ዘጠኝ ሰው እንኳ የለም። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ በባዶ አግዳሚዎች መካከል ተቀምጠዋል። የእድሩ ዳኛ ሐጂ ይመር አጠገባቸው ናቸው። ሱራፌል ከምሰሶው ሥር ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

“የሰውን ሁሉ ለቅሶ ሲጠራ ኖሮ የእሱን የሚሰማ ይጥፋ?” አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ለማንም አልነበረም ያሉት፤ ልጁ ግን አንገቱን ደፋ።

ይሄኔ ከታች ከኳስ ሜዳው በኩል ሁካታ ተሰማ። ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች፣ በማልያቸው እንዳሉ፣ እያፏጩ እያጨበጨቡ ይመጣሉ። ለካ ከሜዳው ሆነው የሰሙት “ጋሽ ተካልኝ ቤት፣ ዘጠኝ ሰዓት” የሚለውንና ያን ደስ የሚል ዜማ ብቻ ነው። ድግስ ነው ብለው ቀደም ብለው መምጣታቸው ነው። ፊተኛው እስክስታ እየመታ ከድንኳኑ ሲገባ ሬሳ ሣጥኑን አየ። ትከሻው እንደተሰበቀ ቀረ። ጭብጨባው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

ሱራፌል ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ቤት ገብቶ ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደ። መጀመሪያ ቢነፋው አየር ብቻ ወጣ። ደገመ፤ ጮኸ። ልጁ ዳገቱን በሩጫ ያዘው።

“ጋሽ ተካልኝ አርፈዋል! ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!”

ሳብ ማድረግ የለ፣ ሽቅብ መስቀል የለ፤ ድምፁ ተሰነጣጥቆ የልቡ ብቻ ቀርቷል። ወጣቶቹም ተከትለውት በየቅያሱ ተበተኑ። በር ሁሉ ተከፈተ። ሊጡን ትታ የወጣች አለች፣ ባለሱቁ ሱቁን ሳይዘጋ ነው የሮጠው፣ እኔም ቀሚሴ እንደራሰ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እስከ ሚካኤል ያለው መንገድ በሰው ሞልቶ መተላለፊያ ጠፋ። ሬሳውን የተሸከሙት እነዚያው ባለማልያዎች ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ መንገዱን ዞር ብለው አዩና “አሁን ሰማህ፣ ተካልኝ” አሉ፤ ያኔ ነው የኔም እንባ የመጣው።

ከቀብር መልስ ግን ሽማግሌዎቹ ወጣቶቹን ያዟቸው። ለቅሶ ቤት እያጨበጨበ የሚገባ ምን ዓይነት ትውልድ ነው፣ ይቀጡ፣ ተባለ። ልጆቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሱራፌል ተነሥቶ ጥሩምባውን ሐጂ ይመር እግር ሥር አኖረና፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሌላ ሰው ስጡት” አለ።

ሐጂ ይመር ጎንበስ ብለው ጥሩምባውን አነሡና መልሰው እጁ ላይ አኖሩለት። ከዚያ ወደሚቆጡት ዞር ብለው፣ “ልጆቹን ተዉአቸው፤ በዘፈን የጠሩት ለቀስተኛ እያጨበጨበ ይደርሳል” አሉ።