የጋሽ ድንበሩ የካርቡሬተር ኪት

ስለ አንዲት ምላሰኛ አስተማሪ ለዓመታት ሳጫውት ስሟን እደብቅ ነበር። ዛሬ እያፈርኩም ቢሆን ልናዘዝ፤ እኔው ነኝ።

ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ካርቡሬተሯ ተበላሽቶ ቆመችብኝ። የማስተምርበት ቀበሌ መኪና አይደርስም፤ ለሰኞ ካልተነሳች ተማሪዎቼ ፈተና ሊያመልጣቸው ነው። ለእንደዚህ ያለች አሮጌ ሞተር የካርቡሬተር መጠገኛ ኪት የሚገኘው ደግሞ ከተማው ውስጥ በጋሽ ድንበሩ ሱቅ ብቻ ነበር። ጋሽ ድንበሩ ኪቱን አውርደው አሳዩኝና መልሰው ሰቀሉት።

«ለሴት የሞተር ዕቃ አልሸጥም። ባልሽን ላኪው።»

«ባል የለኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን ፈልጊ።»

ሱቁን የሞሉት መካኒኮች ሳቁ። አንገቴን ደፍቼ ልወጣ ስል ጋሽ ድንበሩ የሰዉ ሳቅ ጥሟቸው ደረታቸውን ነፉ።

«የትም ብትዞሪ አታገኚውም። እኔ ሱቅ ግን የማይሸጥ ዕቃ የለም። አለ የሚል ካለ ያሳየኝና በነፃ ይውሰደው፤ እነዚህ ሁሉ ምስክሮቼ ናቸው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ እየታገለኝ ዞርኩና ወደ ኪቱ ጠቆምኩ።

«ይኸው፣ ጋሼ፤ ይህ አይሸጥም። የለም፣ ይሸጣል ካሉኝ ደግሞ ገንዘቤን ይቀበሉኝ።»