ጳጉሜ የሌለችበት መጽሐፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጠበቃ። «የሰውን በደል ስጽፍ ምኑን ልቀይር፣ ምኑን ልተው?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ የእሱን ልንገርህ።

ይህ ሰው ጥብቅናውን ትቶ ልቦለድ መጻፍ ጀመረ። የሚጽፈው በችሎት ያየውን ግፍ ነበር። ስም ይቀይራል፣ አገር ይቀይራል፣ አንባቢም ያለቅሳል። ከሁሉ የተወደደለት የባሏ ወንድም ቤቷን የቀማት የአንዲት ባልቴት ታሪክ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዳኛው ጉቦ በልቶ ይፈርድባታል።

እውነተኛው ዳኛ ግን ጉቦ አልበላም። ተሳስቶ ነው የፈረደው፤ ይግባኝ ቢባል ይታረም ነበር። ፍርዱ የተሰጠው ሐምሌ ሃያ አምስት፣ የይግባኙ ጊዜ ስልሳ ቀን። ለባልቴቲቱ የቆመው ጠበቃችን ወር በወር ቆጠረና እስከ መስከረም ሃያ አምስት ጊዜ አለኝ ብሎ ተዝናና። ያን ያህል የተማረ ሰው ጳጉሜን ዘለላት። መስከረም ሃያ ሁለት ማመልከቻውን ይዞ ሲደርስ፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በጣቱ ቆጥሮ «ሁለት ቀን አልፎታል» አለው። ለባልቴቲቱ ግን «አልሰሙንም» ብቻ ብሎ ነገራት።

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ትመስለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እውነትም መጣች፤ መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ። ልጇ አንብባላታለች። ልትወቅሰኝ ነው ብሎ ሲሸማቀቅ፣ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች።

«እውነቱን አወጡልኝ ጌታዬ። ያ ዳኛ ለካ ጉቦ በልቶብኝ ኖሯል። አሁን ደጁ ሄጄ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እረግመዋለሁ።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ልቦለድ ነው» አላት።

«ታዲያ እኔ ከቤቴ የወጣሁት በልቦለድ ነው?»

ይህን ብላ ወደ በሩ ሄደች። እጇ መዝጊያው ላይ ሲያርፍ፣ ጳጉሜን እንደዘለላት ነገራት።

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግዜር ጠልቶኝ ነው እል ነበር» አለች። መጽሐፉን እዚያው ትታለት ሄደች።

አንተም ልጄ፣ ጻፍ። ስም ቀይር፣ መንደር ቀይር፣ ከፈለግህም በሬውን ላም አድርገው። በደሉ ሲፈጸም አንተ የቆምህበትን ቦታ ግን አትቀይር። ልትጽፈው የምትፈራው ገጽ የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ እኔ ዘንድ ያመጣህም እሱ ነው።