በእልልታ ላይ የተተኮሰ ጥይት

አንድ አናጢ ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም አስር አለቃ፤ ተቀመጥና ስማኝ። «ፖሊሱ ጓደኛዬ ድረሱልን ተብሎ በስልክ ተጠርቶ ሮጠ፤ ለካ ደዋዩ ዋሽቶት ኖሮ ንጹሕ ሰው ገደለ። ታዲያ ውሸታሙ እያለ ጓደኛዬ ለምን ይታሰራል?» ነው ያልከኝ። መልሱ ያለው እዚያ አናጢው ደጃፍ ላይ ነው።

የአናጢው ከተማ በሽፍታ የተማረረች ነበረች። በመጨረሻ አገረ ገዢው ከከተማዋ በላይ ባለው ጉብታ ላይ የዘበኞች ሰፈር አሠራና አዋጅ አስነገረ። «የተጠቃ ሁሉ ይጩህ! ዘበኞቼ ይደርሱለታል!» ደረሱም። አንድ የጨው ነጋዴ በገመድ ታስሮ ቢላዋ አንገቱ ላይ ሲደርስ አስጥለውታል። እሳት ከያዘው ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ጎትተው አውጥተዋል። የዘበኞቹ አለቃ በመንገድ ሲያልፍ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉለት ነበር። አገረ ገዢውም ፈጥኖ የደረሰን በአደባባይ ይሸልማል፤ ስለዚህ ሁሉም ለመፍጠን ይሽቀዳደማል።

በዚያች ከተማ አንድ ሀብታም ሰው ደግሞ ነበረ። የእድሩ ዳኛ ለመሆን ተመኝቶ ሳለ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አናጢው ተነሥቶ «ይህ ሰው ድሀ ሲሞት ቀብር ደርሶ አያውቅም፤ እኔ አልመርጠውም» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሹመቱም ለሌላ ሆነ። ሀብታሙ ነገሩን በሆዱ ያዘው።

አንድ ቀን በቀትር ሀብታሙ ልብሱን በገዛ እጁ ቀደደ፤ ፊቱን አቧራ ለቀለቀና ወደ ጉብታው ሮጠ።

«ኧረ ድረሱ! ኧረ የሰው ያለህ! አናጢው አብዷል! ሚስቱን በመጥረቢያ እያረዳት ነው! ቤቱንም ሊያቃጥለው ነው፤ የሴቶቹ ጩኸት ሰፈሩን አናግቶታል!»

«ቤቱ የት ነው?»

«ከገበያው በታች፣ ደጁ ላይ ሳንቃ የተደረደረበት!»

አለቃው ሌላ አልጠየቀም። ጠመንጃውን አነሣ። «ተከተሉኝ!» ቁልቁለቱን እንደ ጎርፍ ወረዱት! ገበያተኛው እየተገፈታተረ መንገድ ለቀቀ፤ ዶሮው ተበተነ፤ በርበሬው ተደፋ። «ምንድን ነው? ምን መጣ?» ቢባል ማን ቆሞ ይመልስ! ሀብታሙ ወደ ኋላ ቀረና ከሰው መካከል ገባ። የተመኘው አናጢው በሰፈሩ ፊት እየተጎተተ ሲወጣ ለማየት ነበር። ሞቱን አላሰበም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በዚያች ሰዓት የአናጢው ሚስት ወልዳለች! ስንት ዘመን መካን ስትባል የኖረች ሴት፣ ሴት ልጅ ታቅፋለች! አዋላጇ ታለቅሳለች፤ ጎረቤቶቿ ይጨፍራሉ። አማቱ «ውሃው ፈላ፤ ገንፎውን ማን ያገንፋው?» ብትል አናጢው «እኔ!» ብሎ ማማሰያውን ነጠቀ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ውጣ አንተ! ደግሞ ብለህ ብለህ አራስ ቤት ገንፎ ልታገነፋ!» እያሉ ገፉት፤ እየገፉትም እልልታውን አቀለጡት። አናጢው ደስታውን የሚያደርግበት ቦታ አጣ። ማማሰያውን እንደያዘ፣ ገንፎው እየተንጠባጠበ፣ በሩን በርግዶ ወጣ።

«ወለደች! ጎረቤቶች፣ ወለደችልኝ!»

አለቃው ተኮሰ።

አናጢው ሳንቃዎቹ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ ግን ተኩሱን ሲሰሙ የደስታ ተኩስ መሰላቸው። እልልታቸውን ጨመሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ አልነግርህም። የሀብታሙ ውሸት ወዲያው ታወቀና እሱም አለቃውም ተያዙ። ዳኛው ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ፤ ችሎቱን ያስቻሉት እዚያው አናጢው ደጃፍ ላይ ነው። አገረ ገዢውም መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ።

ሀብታሙ «እኔ ጥይት አልተኮስኩም» አለ። «አፌ ተናገረ እንጂ እጄ ማንንም አልነካም።»

አለቃው ደግሞ «የተነገረኝን አመንኩ» አለ። «ሚስቱን እያረዳት ነው አለኝ። ጩኸት አለ አለኝ፤ ስደርስም ጩኸት ሰማሁ። በእጁ የያዘው መጥረቢያ መሰለኝ። ጥፋቱ የዋሸኝ ሰው ጥፋት ነው።»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «እውነቱን ነው!» ብሎ ጮኸ። «አለቃውን ካሰራችሁት ነገ ስንጮህ ማን ይደርስልናል?» ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ አገረ ገዢውም «ልክ ነው» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛው አለቃውን ጠየቁት። «በሩ ላይ ስትደርስ ‹ቤቶች!› ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«ጎረቤት ጠይቀሃል?»

«ጊዜ አልነበረም።»

«የሰማኸው ጩኸት ምን ዓይነት ነበር?»

«የሴቶች ጩኸት።»

ዳኛው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ልጆቼ፣ ከባድ ነገር ነው የምለምናችሁ። የዚያን ዕለት ያሰማችሁትን አሰሙን።»

ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ማን ይችላል! ያን ጊዜ አራሷ ሕፃኗን እንደታቀፈች ተነሣች። ዐይኗን ጨፈነችና እልል አለች! ድምፅዋ ተሰበረ። ደግማ ጀመረች። አዋላጇ ተቀበለቻት፤ ጎረቤቶቿ ተቀበሏት። እልልታው ደጁን ሞላ፤ ሳንቃዎቹን፣ አጥሩን አልፎ እስከ ገበያው ሄደ። ስለ ችሎቱ ምንም ያልሰሙ ሴቶች ከገበያው በኩል ሲመጡ ኖሮ፣ ከሩቅ እየሳቁ «እልልልል! እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብለው መለሱ።

አለቃው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እልልታ ነበር» አለ። «ሰምቼዋለሁ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ! ግን እየሮጥኩ የመጣሁት ጩኸት ልሰማ ነበርና ጩኸት አደረግሁት።»

ያ ከሕዝቡ የጮኸው ሰው ግን አሁንም «ታዲያ ከእንግዲህ አይድረሱልን?» አለ።

ዳኛው ሳይመልሱ አራሷ መለሰችለት። «ይድረሱልን እንጂ! ከነፋስ ፈጥነው ይድረሱልን! ሲደርሱ ግን ይዩን።»

ዳኛው ፈረዱ። ሀብታሙን «አንተ ጠመንጃ አላነሣህም፤ ሰው አስነሣህበት እንጂ። ነፍስ ገዳይ ነህ» አሉት። አለቃውን «የእሱ ውሸት እስከ ደጃፉ አደረሰህ። ከደጃፉ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። አንተም ነፍስ ገዳይ ነህ» አሉት።

ሀብታሙ ትንሽ ቀለለው። «እንግዲያው ጥፋቱን ተካፈልነው ማለት ነው» አለ።

«አልተካፈላችሁትም!» አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ላንተም ሙሉው ነው፤ ለእሱም ሙሉው ነው። አንተ ሆነ ብለህ ስለዋሸህ እስራትህ ይረዝማል እንጂ፣ የእሱ መታሰር ካንተ አንዲት ቀን አይቀንስልህም።»

ከዚያ ወደ አገረ ገዢው ዞሩ። «ጌታዬ፣ ፈጥኖ የደረሰውን ሁሉ ሸልመዋል። ደርሶ፣ አይቶ፣ ሳይተኩስ የተመለሰውን አንድ ቀን ሸልመው ያውቃሉ?»

አገረ ገዢው ተነሥቶ አራሷ ፊት ቆመና ጎንበስ አለ። የዚያች ከተማ ዘበኞች ከዚያ ወዲህም ሲጠሩ እንደ ጥንቱ ይሮጡ ነበር፤ ሌባም ይዘዋል፣ ሰውም አድነዋል። በር ላይ ሲደርሱ ግን «ቤቶች!» ሳይሉ፣ ጎረቤት ሳይጠይቁ አይገቡም።

እንግዲህ ልጄ፣ ሀብታሙ ያ ደዋይ ነው። ይያዝ፤ ይፈረድበት፤ «እኔ ደወልኩ እንጂ አልገደልኩም» ቢልም አትስሙት። የዘበኞቹ አለቃ ጓደኛህ ነው። ደፋር እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳዳነ አውቃለሁ፤ ጠልቼው አይደለም የምናገረው። አገረ ገዢው ደግሞ «ፍጠኑ» ብለው የሚልኳችሁ፣ «ምን አያችሁ?» ብለው የማይጠይቋችሁ ሹሞቻችሁ ናቸው። ለእነሱም ችሎት ያስፈልጋቸዋል። አንተ ግን የጠየቅኸኝ ስለ ጓደኛህ ብቻ አይመስለኝም፤ ነገ አንተም ትጠራለህ። ስልኩ ከመቀመጫህ ያስነሣህ፤ እንደ እብድ ያስሩጥህ፤ ግዴታህ ነው። ቃታውን ግን ስልክ አይስበውም። የምትስበው አንተ ነህ፤ የምትጠየቅበትም አንተ ነህ።