የኤሊ እግር

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የዘር በረከት» በሉኝ።

በድሮ ጊዜ ጦጣና ኤሊ በክራንቻው አርሶ ለሚያድረው ለአያ ከርከሮ አንድ አንድ ቁና ሽምብራ አደራ ሰጡት። ከርከሮ ቃሉን የማያጥፍ ነበር። «በየአዝመራው ለእያንዳንዱ ቁና እፍኝ ወለድ እጨምራለሁ፤ ያልተወሰደውንም መልሼ እዘራዋለሁ» አላቸው።

ጦጣ ፈጣን ናት፤ አውድማው ላይ ቀድማ ትገኝና ወለዷን ቆርጥማ ትሄዳለች። ኤሊ ግን እግሯን እየረገመች ስትደርስ ሁልጊዜ ዘሩ ተዘርቶ ይጠብቃታል።

«ድርሻሽማ ከዘሩ ጋር መሬት ገባ» ይላታል ከርከሮ። እሷም አዝና ትመለሳለች።

ብዙ ዓመት አለፈ። ዝናብ የቀረ ጊዜ ሁለቱም አደራቸውን ሊወስዱ መጡ። ከርከሮ ለጦጣ ያችኑ አንድ ቁናዋን ሰፈረላት፤ ለኤሊ ግን ጢም ያለ ጎተራ ከፈተላት።

«እመት ኤሊ፣ ምን ብልሃት ቢያውቁ ነው?» አለች ጦጣ፣ ዓይኗ ፈጦ።

ኤሊ አንገቷን ወደ እግሮቿ መለሰች። «ምን ብልሃት አለኝ ልጄ? ዕድሜ ልኬን ስረግማቸው የኖርኳቸው እግሮቼ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ!» አለችና ለጦጣም ከጎተራዋ ዘግና ሰጠቻት።

ያን ቀን ጦጣ ወደ ቤቷ የሄደችው ከኤሊ ኋላ ቀስ እያለች ነው።

ተረቴን አሁን አትመልሱልኝ፤ እናንተው ዘንድ ይርባ።