የቅል ማፍሰሻው ሾላ

እንኮይ ውሃ ከሚባለው ወንዝ መሻገሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ ተጠምዝዞ ሰፊ ኩሬ በሚሠራበት ቦታ፣ አንድ ያረጀ ሾላ አለ። ቅርንጫፎቹ ላይ ቅሎች ተንጠልጥለዋል፤ አንዳንዶቹ ገና ቢጫ ናቸው፣ አንዳንዶቹን ፀሐይና ዝናብ አጥቁሯቸዋል፣ ከጥቂቶቹም የቀረው አንገታቸው ብቻ ነው። ለአገሩ እንግዳ የሆነ መንገደኛ የጠንቋይ ሥራ መስሎት ሲያማትብ፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ይስቁበታል። ቦታው ቅል ማፍሰሻ ይባላል። በዚያ አገር ሚዜዎቹ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ሙሽራው በቅል ያመጣውን ዓሣ ከነሕይወቱ ወደ ኩሬው ሳያፈስ ሙሽራዋን የያዘችው በቅሎ ወንዙን አትሻገርም። ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል አዛውንቱ የሚያወሩት የጥላዬን ነገር ነው።

ጥላዬ፣ እንደሚነገረው፣ በዚያው በወንዙ ዳር የሚኖር ገበሬ ነበር። ገበሬ መባሉ ለወጉ ነው እንጂ ልቡ ያለው ወንዙ ጋ ነበር። ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ መንጠቆውን ይዞ ሲወርድ ያየ ጎረቤት ሁሉ፣ «አያ ጥላዬ ዛሬም ወደ ሁለተኛዋ ሚስቱ ሄደ» ይል ነበር ይባላል። ሚስቱ ወለላ ግን ይህን ስትሰማ አትከፋም፤ «ሌላዋ ብትሆን ኖሮ ልብሱን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ይቺ አጥባ ነው የምትመልሰው» ትል ነበር።

አጠማመዱም እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ሌላው ትል ሰክቶ መንጠቆውን ወደ ጥልቁ ይጥልና ይተኛል። ጥላዬ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አሸን ከመሬት በሚፈላበት ጊዜ፣ ክንፋም አሸን ውሃው ላይ ሲወድቅና ዓሣው ከሥር ብቅ ብሎ ሲለቅመው ገና በጎረምሳነቱ አይቶ ነበርና፣ ያን ያየ ቀን ነገሩ ተበላሸ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላማረውም። ከቀይ አውራ ዶሮ አንገት ላባ ነቅሎ፣ ወለላ በፈተለችው ቀጭን ክር ከመንጠቆው ጋር አስሮ፣ በፈረስ ጭራ ገመድና በሸምበቆ ዘንግ ወደ ውሃው ይወረውረዋል። ላባው አሸን መስሎ፣ ምንም ሳይረጭ ውሃው ላይ ቁጭ ይላል። በዚህ የተነሣ የቤቱ አውራ ዶሮዎች ሁሉ አንገታቸው የተራቆተ ነበር፤ የጎረቤት ዶሮም ጥላዬን ሲያይ አጥር ዘሎ ይሸሽ ነበር ይባላል።

የያዘውን ደግሞ አብዛኛውን መልሶ ይለቃል። አንዳንዴ አንድ ለራት ያስቀራል፤ ክረምቱ ሲበረታና ዓሦቹ ለመውለድ ከታችኛው ትልቅ ወንዝ ሲወጡ ግን መንጠቆውን ሰቅሎ ዳር ላይ ተቀምጦ ማየት ብቻ ነው። ዓሣ ሲይዝ አስቀድሞ እጁን ውሃ ውስጥ ይነክራል። አንድ ልጁ አንጓች ትንሽ ሳለች ለምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ «ደረቅ እጅ ልብሷን፣ ይህን ሙልጭልጩን፣ ይገፍፋታል፤ ራቁቷን እንዴት ትሂድ?» አላት። አንጓችም በዚያ ወንዝ ዳር አድጋ፣ የትኛው ድንጋይ ሥር ምን እንደሚተኛ እንደ አባቷ አወቀች።

እሷም ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከላይኛው ሰፈር ፈንቴ የሚባል ጎረምሳ ሽማግሌ ላከ። ፈንቴ ትጉህና ሳቂታ ነበር፤ ጥላዬም ወደደው፣ አንጓችም ከአባቷ በፊት ወዳው ነበር ይባላል። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ፈንቴ አማቱን ደስ ለማሰኘት ከመጓጓቱ የተነሣ ያገኘውን ሰው ሁሉ፣ «አያ ጥላዬ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። አገሩ ሁሉ አንድ መልስ ሰጠው፤ ዓሣ።

እሱም ያደረገው በአገሩ ብዙ ዓሣ በአንዴ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከጓደኞቹ ጋር የብርብራ ፍሬ ወቅጦ፣ ዱቄቱን በላይኛው ኩሬ ውስጥ በተነው። የብርብራ መርዝ ዓሣውን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም አስክሮ ያንሳፍፈዋል፤ መልቀም ብቻ ነው የሚቀረው። በማግስቱ ጠዋት እነ ፈንቴ ዓሣ የሞላውን ቅርጫት በአህያ ጭነው፣ እየዘፈኑ ከጥላዬ ደጅ ደረሱ።

ጥላዬ ቅርጫቱ ሲከፈት አንዱን ዓሣ አንሥቶ ሆዱን ዳሰሰው። ዕንቁላሉ በጣቶቹ መካከል ፈሰሰ።

«ከየት ነው?» አለ።

«ከእርስዎው ወንዝ ነው እንጂ» አለ ፈንቴ ደስ ብሎት። «ከሩቅ ብናመጣው አይጥምዎትም ብለን።»

ጥላዬ ወደ ወንዙ ወረደ። የብርብራው ውሃ ከኩሬ ወደ ኩሬ ወርዶ ነበርና፣ የጣት ጥፍር የሚያካክሉት ሳይቀሩ ሆዳቸውን ገልብጠው ዳር ዳሩን ነጭ አድርገውት አገኘ። እዚያው ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ ይባላል። አንጓች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ የሞተው የአባቷ ነው፣ የገደለው ደግሞ የእሷ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁ ሲመጡ ጥላዬ፣ «ልጁን አልጠላሁትም። ግን ልጄን በሞተ ውሃ አሻግሬ አልድርም። ዓሣው ሲመለስ ትሄዳለች» አላቸው። ቢለምኑት፣ ቢቆጡትም አልሰማም። ሲሄዱ አንጓች ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ባይመለስስ?» አለችው። እሱም ይህን አላሰበውም ነበርና፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ፈንቴ በበኩሉ፣ እንደ አገሩ የይቅርታ ደንብ፣ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግሩ ሥር ወደቀ።

«አውርደው እባክህ» አለው ጥላዬ። «የጠፋው ዓሣ ነው፤ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ዓሣ ይወዳል ሲሉህ መብላቱን መሰለህ?»

«አዎ፣ አባቴ» አለ ፈንቴ አንገቱን ደፍቶ። «መብላት መስሎኝ ነው።»

ጥላዬ በንዴቱ መሐል ሳቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም ነበር ይባላል። ቢሆንም ፊቱን አዙሮ ገባ።

ፈንቴ ከዚያ በኋላ ታች ወርዶ፣ ከትልቁ ወንዝ ትንንሽ ዓሣ በቅል እየጨለፈ ወደ እንኮይ ውሃ ያመላልስ ጀመር። መንገዱ ረጅም፣ ፀሐዩ ብርቱ ነበርና መጀመሪያ ያመጣቸው ሁሉ ሞተው ደረሱ። ጥላዬ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ ያያል፤ አንጀቱን ቢበላውም አፉን አይከፍትም። አንጓች ደግሞ ታጭታ ሳለ ከእጮኛዋ ጋር መነጋገር ነውር ነበርና፣ አንድ ቀን ፈንቴ ሲያልፍ ጠብቃ፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ጮክ ብላ፣ «አንዳንድ ሰው እኮ የቅሉን አፍ ጥርቅም አድርጎ ይደፍነዋል፤ ውስጥ ያለው መታፈኑን አያውቅም። በየምንጩ ውሃ አይለውጥለትም? በጠዋት አይነሣም?» አለቻቸው። ሴቶቹ ተያይተው ሳቁ። ጥላዬም ከተደበቀበት ሰምቶ ያልሰማ መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ዓሦቹ በሕይወት ይደርሱ ጀመር። ፈንቴ የተሰነጠቀውን ቅል፣ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት ማንም አይጠጣበትም ብሎ ሾላው ላይ እየሰቀለ ይሄዳል። ብርብራውን አብረውት የበተኑት ጓደኞቹም አፍረው ይሁን አዝነውለት፣ ያግዙት ገቡ፤ ማንም ሰው በእንኮይ ውሃ ብርብራ እንዳይበትንም ላይኛው ሰፈር ተማማለ።

ጥር አለፈ። ክረምት መጣ፤ አሸን ፈላ፤ ጥላዬ ላባውን ወረወረ፤ ላባው ግን ማንም ሳይነካው ተንሳፍፎ ወረደ። የአንጓች እኩዮች ተድረው ልጅ አቀፉ። ወለላ እንኳ፣ «ለዓሣ ብለህ ልጄን ቆሞ ቀር ልታደርጋት ነው?» ብላ ተቆጣችው። ፈንቴ ግን ቅሉን ይዞ መመላለሱን አልተወም።

በተከታዩ ክረምት መግቢያ፣ ዝናቡ አባርቶ አሸን ውሃው ላይ በሚረግፍበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥላዬ በልማዱ ላባውን ሾላው ሥር አስቀመጠው። ውሃው በቀስታ ተከፈተና ላባውን ዋጠው። ዘንጉ ጎበጠ። ከታች ቅሉን አቅፎ የሚመጣው ፈንቴ ይህን አይቶ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ምን ይገትርሃል? ና ያዛት!» ብሎ ጮኸበት ጥላዬ። ፈንቴ እየሮጠ ሲደርስ ግን፣ «ቆይ፤ አስቀድመህ እጅህን አርጥብ» አለው።

ፈንቴ እጁን ነክሮ ዓሣዋን ተቀበለ። ሆዷ በዕንቁላል ሞልቶ ነበር። ውሃው ውስጥ ዝቅ አድርጎ እስክትረጋጋ ደግፎ ያዛትና ለቀቃት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ኩሬው ሄደች። ጥላዬ ዓሣዋ ከዓይኑ እስክትሰወር ተመለከተና ዘንጉን ትከሻው ላይ አደረገ።

«በል፣ ለጥር ደግስ» አለው።

በሠርጉ ዕለት ፈንቴ አንጓችን ይዞ መሻገሪያው ሲደርስ፣ ማንም ሳያዘው ከበቅሎው ወርዶ የመጨረሻውን ቅል ኩሬው ውስጥ አፈሰሰና ባዶውን ሾላው ላይ ሰቀለው። ከእሱ በኋላ ያገቡትም እንደዚያው አደረጉ፤ ቆይቶም ደንብ ሆነ። ጥላዬ አርጅቶ እግሩ እምቢ ባለው ጊዜ ወደ ወንዙ አዝሎ ያወርደው የነበረው ፈንቴ ነው ይባላል፤ የዶሮውን ላባ የሚነቅለውም እሱ ነበር።

ዛሬም አጃቢው መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ዘፈኑን ያቆማል። ሙሽራው ጫማውን አውልቆ፣ ቅሉን ይዞ ወንዙ ውስጥ ይገባል። የሙሽራዋ አባት ዳር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀዋል።

«እጅህን አርጥበሃል?»

«አርጥቤያለሁ፣ አባቴ።»

ያን ጊዜ ልጁን ይሰጠዋል።