ሦስተኛው መርፌ

ሰው የማያምን አንድ ከብት ነጋዴ ነበረ። «አንድ ሰው እስከ የት ድረስ ነው ማጣራት ያለበት?» ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ የእሱን ነገር ልንገርህ። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ይህ ሰው የሚኖረው ባለማመኑ ነበር። ገበያ ላይ በሬ ሲያቀርቡለት ሻጩ የሚለውን አይሰማም። አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፤ ቆዳውን ቆንጥጦ ይለቃል፤ ቁልቁለት ያስነዳውና ከኋላ ቆሞ አረማመዱን ይመለከታል። ለከብት ጨው አልሰው፣ ውኃ አጠጥተው፣ ሆዱ ሲነፋ «የሰባ ነው» ብለው የሚሸጡ እንዳሉ ያውቃል። አንድ ሻጭ በሬውን ከመጠን በላይ ሲያመሰግን ከሰማ ያን በሬ ሳይነካው ነው የሚያልፈው። ሃያ ዓመት እንዲህ ነገደ። በሃያ ዓመት ውስጥ ያታለለው ሰው ቢኖር አንድ ነው፤ እሱንም እስከ ዛሬ ስሙን እየጠራ ይረግመዋል።

ትርንጎ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረችው። ከሦስት ወንዶች በኋላ የተወለደች ብቸኛ ሴት ልጁ ናት። በዚህ ዓለም ላይ ሳይመረምር የሚቀበለው ቃል የእሷን ብቻ ነበር። «አልበላሁም» ካለች አልበላችም፤ «አልሰበርኩም» ካለችም አልሰበረችም። እሷም እንዲሁ ነበረች። አባቷ ያለው ነገር ሁሉ ለእሷ ያለቀለት እውነት ነበር።

አንድ ክረምት ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። መጀመሪያ ባቄላ ያህል ነበር፤ መስከረም ሲጠባ የእንቁላል ግማሽ አከለ። ሲነኩት አያማትም፤ ነገር ግን ቀኑ ሲመሽ ታተኩሳለች፤ ቀሚሷም እየሰፋት ሄደ። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ዳሰሳትና ወረቀት ጽፎ «ከተማ ሆስፒታል ውሰዳት» አለው። «ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» ቢለው «እዚያ ይነግሩሃል» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ነጋዴው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰዎች የሚደብቁት ነገር እንዳለ ልቡ ነገረው።

ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም ወጣት ነበረ። አንገቷን ዳሰሰ፤ ደረቷን ራጅ አስነሳ፤ ደም አስቀዳ። ከዚያም «እብጠቱን በቀጭን መርፌ ወግተን ከውስጡ ጥቂት እንወስዳለን፤ ምን እንደ ሆነ በማይክሮስኮፕ ይታያል» አለ።

«ያማል?» አለች ትርንጎ። የጠየቀችው ሐኪሙን ሳይሆን አባቷን ነበር።

«ያማል» አላት አባቷ። «እሾህ የወጋሽ ያህል ነው። አንድ እሾህ። እጄን ያዢና የቻልሽውን ያህል ጭመቂው።»

ያዘችው፤ ጨመቀችው፤ አላለቀሰችም። ሲጨርሱ የአራት ጥፍሮቿ ምልክት መዳፉ ላይ ቀርቶ ነበር። «ጎበዝ ነሽ» አላት፤ እሷም እውነት ጎበዝ መሆኗን ከእሱ አፍ ሰምታ አመነች።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ከእብጠቱ የወሰደውን መስታወት ላይ ቀብቶ ስም ጻፈበት። ነጋዴው ፊደል የቆጠረው ለገበያ የሚበቃውን ያህል ቢሆንም ጎንበስ ብሎ አነበበው። የትርንጎ ስም አልነበረም። ከእሷ በፊት የገባው ልጅ ስም ነበር።

«ይህ የማን ነው?» አለ።

ሠራተኛው አየና ፊቱ ተለዋወጠ። መዝገቡን አገላብጦ አስተካከለው። «አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። «ትልቅ ስሕተት ልሠራ ነበር።»

ልብ በል፤ ጥርጣሬው ያን ቀን ልጁን ጠቅሟታል። እሱ ባያይ ኖሮ የአንዱ ልጅ በሽታ ለሌላው ይሰጥ ነበር። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰውየው ከዚያ ክፍል ሲወጣ «እንኳን አየሁት» አላለም። «ያየሁት ይህ ከሆነ ያላየሁትስ?» እያለ ነው የወጣው።

ውጤቱ በስድስተኛው ቀን ይደርሳል ተባለ። ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አርፈው ጠበቁ። ትርንጎ ከዘመዳቸው ልጆች ጋር ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች፤ ሲደክማት ድንጋይ ላይ ቁጭ ትልና የሌሎቹን ታያለች። አባቷ ግን በየቀኑ ሆስፒታል ይሄዳል። ስድስተኛው ቀን ተብሎ ሳለ በሁለተኛው ሄደ፤ በሦስተኛውም ሄደ። አንድ ቀን ሁለት ነርሶች ኮሪደር ላይ ሲሳሳቁ አያቸው፤ ቀረብ ሲል ዝም አሉ። የሳቁት በምን ይሆን? ዝም ያሉትስ ማንን አይተው? ይህን እያሰበ ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን አሉህ?» አለችው ሲመለስ።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሙ አስገባቸውና ወረቀቱን ዘረጋ። «የዕጢ ቲቢ ነው» አለ። «ይድናል። ስድስት ወር ሳታቋርጥ መድኃኒት ትወስዳለች። የፈራነው ካንሰር የለባትም።» ከዚያ ከመሳቢያው ከረሜላ አውጥቶ ለትርንጎ ሰጣት፤ ጸጉሯንም ዳበስ አደረጋት።

ሌላ አባት ቢሆን እዚያው ወድቆ ያመሰግን ነበር። ይህ ሰው ግን ሐኪሙ ወረቀቱን ከሚያስፈልገው በላይ እንዳየው፣ «ካንሰር» ሲል ድምፁን ዝቅ እንዳደረገ ልብ አለ። ከረሜላውንም ልብ አለ። ለምትድን ልጅ ከረሜላ የሚሰጥ ማን ነው? እንዲህ የሚደረገው ለሚታዘንለት ሰው ነው። በሽታው ክፉው ነው፤ እኔ እንዳልደነግጥ ሌላ ስም አወጡለት፤ እያለ በልቡ አወጣ አወረደ። «መድኃኒቷን ነገ ታስጀምራታለህ» ሲሉት «እሺ» አለ። በነጋው ግን ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ተሳፈረ።

እዚያም ሆስፒታል አለ። የመጀመሪያውን ወረቀት ብብቱ ሸጉጦ «ማንም አላያትም፤ ገና ማምጣቴ ነው» አላቸው። የሁለቱ ቃል ይገጥም እንደሆነ ሊፈትን ነው። ትርንጎ ቀና ብላ አየችው። አባቷ ሲዋሽ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ደግሞ ሊወጉኝ ነው?» አለችው።

«ይህ የመጨረሻ ነው፤ ማርያምን» አላት።

በዚህኛው መርፌው መጀመሪያ ሲገባ ምንም አላወጣም፤ ደግመው ወጓት። እጁን ያዘች፤ ግን አልጨመቀችውም። ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ውጤቱ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ፦ የዕጢ ቲቢ ነው፤ ይድናል፤ መድኃኒት ይጀመርላት።

ነጋዴው ወረቀቱን ተቀብሎ ከፊተኛው ጋር ሸጎጠው። ሁለቱ መግጠማቸው ግን አላረጋጋውም። ስልክ አላቸው፤ ተነጋግረው ይሆናል አለ። አየህ፣ ቃላቸው ቢለያይ «አንዱ ዋሽቷል» ሊል ነው፤ ቢገጥም ደግሞ «ተማክረዋል» አለ። ምንም ቢሉት የሚያምነው መልስ አልነበረም።

ወደ አገሩ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። «ምን አሉ?» አለችው።

«ቲቢ ነው ይላሉ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ታዲያ መድኃኒቱ የት አለ? ሁለት ቦታ አንድ ነገር ከነገሩህ ምን ቀረህ?»

«አንቺ ሰው አታውቂም» አላትና ወደ ጓሮ ሄደ።

እንዲህ እያለ ከመጀመሪያው ውጤት ሁለት ወር ሊሞላ ሆነ። ትርንጎ አንድም ክኒን አልዋጠችም። የጉንጯ አጥንት ወጣ፤ እብጠቱ ቀላ፤ ትምህርት ቤት መሄዱን ተወች። እሱ ደግሞ እየከሳች ባያት ቁጥር «ይኸው፣ ክፉው ነው ብዬ አልነበረም?» ይላል። የሚያከሳት መድኃኒት ማጣቷ መሆኑ አልታየውም።

አንድ ማለዳ «ተነሺ፤ አክስትሽን ልንጠይቅ ነው» አላት። ደስ ብሏት ተነሣች፤ እናቷ ጸጉሯን ጎነጎነችላት፤ ጫማዋን አደረገች። ከአውቶቡስ ወርደው ጥቂት እንደ ሄዱ አጥሩን አየች፤ በበሩ የሚወጡ ነጭ ገዋን የለበሱ ሰዎችንም አየች። እጇን ከእጁ አላቀቀችና የራሷን ቀሚስ ጨብጣ ከጎኑ ሄደች።

በሦስተኛው ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ጎልማሳ ሴት ነበረች። አሁንም «ማንም አላያትም» አላት። ሐኪሟ ልጅቷን ዳሰሰች፤ ለመርፌው የሚያስፈልገውን ዕቃ አስመጣች፤ ከዚያ የሁለቱንም ፊት አየችና «አባቷ፣ ጥቂት ውጭ ይጠብቁን» አለችው።

ነጋዴው ወጣ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቃት ሰዓት ይህች ነበረች፤ ሐኪሞች እሱ በሌለበት የሚናገሩትን ሊሰማ ነው። ግድግዳውን ተጠግቶ ጆሮውን ሰጠ።

«ከዚህ በፊት ተወግተሽ ታውቂያለሽ፣ የኔ ልጅ?» አለች ሐኪሟ።

«ሁለት ቦታ» አለች ትርንጎ። «ሁለተኛው ጋ ሁለት ጊዜ ነው።»

«ምን አሏችሁ?»

«ቲቢ ነው፤ ትድናለች አሉ። አባዬ አላመነም።»

ከዚያ የልጅቷ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ዝቅ ብሏል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት?»

«ለምኚኝ።»

«ክፉው ነው ይበሉት። ትሞታለች ይበሉት። አባዬ መስማት የሚፈልገው እሱን ነው። እሱን ከሰማ ያምንዎታል፤ ከዚያ በኋላ አያስወጋኝም።»

ነጋዴው በሩ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ሃያ ዓመት በየበረቱ ጥግ ቆሞ ሻጮች እርስ በእርሳቸው የሚንሾካሾኩትን አድምጧል፤ የሰማው ሁሉ ስለ ሌሎች ነውር ነበር። የራሱን ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። መርፌው ሳህን ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ነጋዴው እጁን ብብቱ አስገብቶ በላብ የወየቡ ሁለት ወረቀቶች አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«ዋሽቼሻለሁ፣ ዶክተር» አለ። «ሁለት ቦታ ታይታለች። መርፌው ይቅር። መድኃኒቷን ስጪኝ።»

ሐኪሟ አንዱን አነበበች፤ ሌላውንም አነበበች፤ ቀኑንም አየች። «ይህን ሁሉ ጊዜ በእጅዎ ነበር?» አለችው።

«በእጄ ነበር።»

ወደ ልጁ ዞሮ ፊቷ ተንበረከከ። «ትርንጎዬ፣ በቃ። ከእንግዲህ አትወጊም» አላት።

ትርንጎ አየችው። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ ሐኪሟ ተመለከተችና «እውነቱን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሟ «እውነቱን ነው» አለቻት። ልጅቷ የተነፈሰችው ያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ የዚያኑ ዕለት ተጀመረ። ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው ክኒኑን በገዛ እጁ ሰጣት፤ ገበያ ቀርቶበት እንኳ አንድ ቀን አላሳለፈም። ለፋሲካ እብጠቱ ጠፋ፤ ቀሚሷ ጠበባት፤ ትምህርቷንም ቀጠለች። ዳነች። ነገር ግን ብዙ ዘመን አባቷ «ገበያ ደርሼ እመጣለሁ» ሲላት እናቷን ዞር ብላ «እውነቱን ነው?» ትል ነበር። እሱም አይቆጣም ነበር። እናትየዋ እስክትመልስላት ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ያጨሃት ልጅ ላይ ወሬ ሰማህ። ሰምተህ መጠየቅህን አልነቅፍም፤ መስታወቱ ላይ የተጻፈውን ስም ጎንበስ ብሎ ማንበብ ደግ ነው። ጎረቤቶቿን ጠየቅህ፤ ሐሰት ነው አሉህ። ሽማግሌዎቹን ላክህ፤ መርምረው ሐሰት ነው አሉህ። ራሷን አቁመህ ጠየቅሃት፤ እያለቀሰች ነገረችህ። አሁን ደግሞ ወደ ተማረችበት ከተማ ሰው ልላክ ወይ ትለኛለህ። አንተ የምትመረምረው ወሬውን ይመስልሃል፤ መርፌው የሚገባው ግን በእሷ አንገት ነው። ያ ነጋዴ የሚፈልገውን መልስ ብብቱ ሸጉጦ ሁለት ወር ዞረ። አንተም በሦስት ወገን የተነገረህን ይዘህ እየዞርክ ነው። አራተኛው «ሐሰት ነው» ቢልህስ ታምናለህ? ወይስ «ወሬው እውነት ነው» እስኪሉህ ድረስ ልትጠይቅ ነው? ያን ጊዜ እሷ ራሷ «በደለኛ ናት በሉትና ይተወኝ» ትላለች።

እስከ የት ድረስ ነው ብለሃል። መልሱ እስኪመጣልህ ድረስ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን መቀበል ያንተ ፈንታ ነው። ልትልከው ያዘጋጀኸው ሰው ከደጅ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ስትገባ አይቼዋለሁ። ውጣና ወደ ቤቱ አሰናብተው።